ጠጁ ተበላሸ ወይስ ደረሰ? ጠርሙስ ከመሙላታችሁ በፊት

የባሕር ዳር ሙቀት ጠጅ ቶሎ ያደርሳል፣ ቶሎም ያበላሻል። በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቤቱ ሲግል ነገሩ ይፈጥናል። ስለዚህ ጠርሙስ ከማጠባችሁ በፊት መጀመሪያ ጠጁን እዩት።

ላዩ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ብልሽት አይደለም። ሰፈፉ ያልወጣለት የጎጃም ማር ከሆነ የጣላችሁት፣ ያያችሁት ሰም ሊሆን ይችላል። በጣታችሁ እሹት፤ ሰም ከሆነ ይታወቃችኋል፣ ገፍፋችሁ ጣሉት። አረፋም ያለ ነው። ስስና የተጨማደደ ነጭ ሽፋን ከያዘ ግን አየር እየገባበት ነው፤ ሽታውና ጣዕሙ ደህና ከሆነ ቶሎ ይጠጣ እንጂ ለጠርሙስ አይሆንም። ጸጉር ያወጣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካያችሁማ ድርድር የለም፣ ይደፋ። ላዩን ገፍፈው የሚጠጡ አሉ፣ እኔ የለሁበትም።

ቀጥሎ አሽትቱት። ጠጅ ትንሽ መጎምዘዙ፣ ከጌሾውም መምረሩ ወጉ ነው። አፍንጫ የሚወጋ የኮምጣጤ ሽታ ግን ሌላ ነገር ነው፦ አየር ያገኘ ባክቴሪያ አልኮሉን ወደ አሲድ እየቀየረው ነው፣ ባክቴሪያውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘውት የሚመጡት በበሰለ ማንጎ ላይ የሚያንዣብቡት ትንንሽ ዝንቦች ናቸው። ማር ብትጨምሩበት ጣዕሙን ትሸፍኑ ይሆናል እንጂ አይመለስም። ለሰላጣ አስቀሩት። ሲቀዳ እንደ አብሽ የሚዝለገለግም ተበላሽቷል።

አሁን ወደ መድረሱ። አረፋው ጠፋ ማለት መፍላቱ አበቃ ማለት አይደለም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሃይድሮሜትር (ፈሳሹ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳይ ተንሳፋፊ መለኪያ) ካገኛችሁ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ የተበረዘ ጠጅ ሲጀምር ወደ 1.100 ያሳያል፣ ስኳሩ እያለቀ ሲሄድ ቁጥሩ ይወርዳል። የተጣበቀበት አረፋ እንዲለቅ መለኪያውን አሽከርክሩትና አንብቡ። ከሦስት ቀን በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት ድገሙት። ቁጥሩ ያው ከሆነና ጠጁም ከጠለለ ደርሷል፤ ከወረደ ጠብቁ።

ችግሩ አብዛኞቻችን ጠጅ የምንወደው ገና ጣፋጭ እያለ ነው። ጣፋጭ ከሆነ ስኳር አለው፣ እርሾውም አልሞተም፣ ስለዚህ በብርጭቆ ጠርሙስ አጥብቃችሁ ከዘጋችሁት ከመፍላቱ በሚወጣው ጋዝ ሊፈነዳ ይችላል። እንዲህ ያለውን በፕላስቲክ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፣ በየቀኑም ጨመቅ አድርጋችሁ እዩ። ጠርሙሱ ከደነደነ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ አስተንፍሱት።

አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በአውቶቡስ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ መንገዱ የዓባይን በረሃ ያቋርጣል፤ ሙቀቱ ጋዙን ያባብሰዋል። እስከ አንገቱ አትሙሉት፣ ተቀባዩም እንደደረሰው ክዳኑን እንዲያላላ ደውላችሁ ንገሩት።