ያረገዘች ጋፒን እንዴት መለየት፣ ጫጩቶቿንስ እንዴት ማሳደግ ይቻላል?

በቤት አኳሪየም የሚረቡት ትንንሾቹ ዓሣዎች ጋፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲ እና ስዎርድቴል እንደ ቆሮሶ ወይም እንደ አምባዛ እንቁላል አይጥሉም። ጽንሱ እናቲቱ ሆድ ውስጥ አድጎ፣ መዋኘት የሚችል ጫጩት ሆኖ ይወጣል። መውለዱን ያለ እኛ እርዳታ ይችሉበታል። ከባዱ ነገር የተወለዱትን ማትረፍ ነው። ብዙዎቹ ጫጩቶች በመጀመሪያው ቀን ይበላሉ፤ እናታቸው ራሷም ትበላቸዋለች።

እኔ ይህን የተማርኩት ብዙ ዓሣ ሞቶብኝ ነው። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው። የማወራው በዋናነት ስለ ጋፒ ቢሆንም አብዛኛው ለሌሎቹም ይሠራል።

1. ወንድና ሴቷን ለዩ

የሆድ ሥር ክንፋቸውን እዩ። የወንዱ እንደ ስቴኪኒ ቀጭንና ሹል ነው፤ የሴቷ ተዘርግቶ ሰፋ ይላል። ለ1 ወንድ 2 ወይም 3 ሴት አድርጉ፤ አለዚያ ወንዶቹ አንዷን ቀኑን ሙሉ እያሳደዱ ይጨርሷታል። ብቻዋን ገዝታችሁ ያመጣችኋት ሴት ወንድ ሳታይ ብትወልድም አትደንግጡ። የወንዱን ዘር ሆዷ ውስጥ ለወራት ስለምታቆይ በአንድ ግንኙነት ደጋግማ ልትወልድ ትችላለች።

2. እርግዝናዋን እወቁ

እዚህ ላይ ጊዜ እንውሰድ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሁሉም የሚነግራችሁ ስለ ጥቁሩ ነጥብ ነው። ሆዷ መጨረሻ ላይ፣ ከሆድ ሥር ክንፏ ከፍ ብሎ ጠቆር ያለ ቦታ አለ። እርግዝናው ሲገፋ ይሰፋል፣ ይጠቁራል። ነገር ግን ነጥቡ ያላረገዘች ሴት ላይም ሊኖር ይችላል። ቆዳቸው ነጣ ያለ ጋፒዎች ላይ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ ይመስላል። ጥቁር ሞሊ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ ነጥቡን ብቻ አትመኑ።

እኔ የማምነው ቅርጿን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆዷ ድቡልቡል እያለ ይመጣል። ቀኗ ሲደርስ ግን ማዕዘን ያወጣል። ከጎን ስታዩዋት ከጉሮሮዋ በታች ቀጥ ብሎ ይወርድና ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ትንሽ ሳጥን የዋጠች ትመስላለች። ቆዳዋ ስስ ከሆነ በነጥቡ ውስጥ የጫጩቶቹ ዓይኖች እንደ ጤፍ ፍሬ ተደርድረው ይታያሉ። ያን ካያችሁ የቀሯት ጥቂት ቀናት ናቸው።

ጠባይዋም ይለወጣል። ከሌሎቹ ትለያለች፤ ሂተሩ (የውኃ ማሞቂያው) አጠገብ ወይም ጥግ ይዛ ትቆማለች። ምግብ አፏ ውስጥ አስገብታ ትተፋለች። ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ይሄኔ ምጧ ቀርቧል።

ሁለት ነገሮች እርግዝና ይመስላሉ። አንዱ ጥጋብ ነው። አንድ ቀን ምግብ ከልክሏት፤ ሆዷ ከጎደለ አላረገዘችም። ሁለተኛው ሕመም ነው። ከላይ ሆናችሁ እዩዋት። ቅርፊቶቿ ላባዋን እንደነፋች ዶሮ ቆመው ከታዩ ሰውነቷ ውኃ ቋጥሯልና ቶሎ ለዩዋት።

ከዚህ ሌላ ቀናቱን ቁጠሩ። ውኃው 25 ወይም 26 ዲግሪ ከሆነ ጋፒ በ4 ሳምንት ገደማ ትወልዳለች። ውኃው ሲቀዘቅዝ ቀኑ ይገፋል፤ ሞሊ ከዚህም ልትዘገይ ትችላለች። እኔ አንዷ በወለደች ቁጥር ቀኑን ግድግዳዬ ላይ ባለው ካላንደር እጽፋለሁ። ከየትኛውም ምልክት በላይ የጠቀመኝ ይህ ነው።

3. መውለጃ ቦታዋን አዘጋጁ

ሱቅ ውስጥ አኳሪየሙ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ የፕላስቲክ መውለጃ ሳጥን ይሸጣል። አትግዙት እላለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጭራዋ ቢጫ የሆነች ጋፒ ነበረችኝ፤ ከሁሉም የምወዳት። ሆዷ ተለቅ ሲል ጊዜ ጓጓሁና ቀኗ ሳይደርስ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኳት። ቀኑን ሙሉ አፍንጫዋን ከፕላስቲኩ ጋር እያጋጨች ወደ ላይና ወደ ታች ትዋኝ ነበር። ትለምደዋለች ብዬ ተውኳት። በአምስተኛው ቀን ጠዋት በጎኗ ተኝታ አገኘኋት። ሆዷ እንደሞላ ነው፤ ዓይኖቹ በቆዳዋ ውስጥ ይታያሉ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የተጨነቀች እናት ወይ ያለ ቀኗ ትወልዳለች፣ ወይ ሳትወልድ ትሞታለች። ያለ ቀናቸው የወጡት ሆዳቸው ላይ ቢጫ አስኳል ይዘው መሬት ላይ ይንፏቀቃሉ፤ ብዙም አይተርፉም።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ሌላ ዕቃ ከራሱ ከአኳሪየሙ ውኃ ሞልቼ፣ ግማሹን ጃቫ ሞስ በሚባል የውኃ ተክል አጨናንቀዋለሁ። ተክል ካጣችሁ አረንጓዴ የናይለን ሹራብ ክር ይሆናል። ቀለሙ እንደማይለቅ በፈላ ውኃ ሞክሩት፤ ከዚያ ጠቅልላችሁ ቡሽ ላይ አስራችሁ አንሳፉት። ጫጩቶቹ ክሩ ውስጥ ይሸጎጣሉ፤ እሷም እንደልቧ ትዋኛለች። የምትዛወረው ሆዷ ማዕዘን ሲያወጣ ብቻ ነው። መረቡ ስለሚያስደነግጣት በኩባያ ከነውኃዋ ቅዱና ቀስ ብላችሁ ልቀቋት።

4. ስትወልድ ተዉአት

መብራቱን ቀንሱ፤ መስታወቱን አታንኳኩ። ጫጩቱ እጥፍ ብሎ ይወጣና ትንሽ ወደ ታች ወርዶ ይዘረጋል፤ ወዲያው መደበቂያ ይፈልጋል። ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። የመጀመሪያ ወሊዷ ከሆነ ጥቂት ናቸው፤ ትልቅ እናት ከ40 በላይ ልትወልድ ትችላለች። ሆዷ ሲጎድል እናቲቱን አውጧት። አራስ ናትና ከወንዶቹ ርቃ አንድ ሁለት ቀን በደንብ እየበላች ትረፍ።

5. ጫጩቶቹን መግቡ

የትልቆቹን ምግብ በጣታችሁ መሃል አድቅቁና ዱቄት አድርጉት። በቀን 3 እስከ 5 ጊዜ፣ በጣም በትንሹ። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ጥሩ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉታል፤ ግን ውኃውን በአንድ ሌሊት ያበላሸዋል። ከሰጣችሁ በመርፌ ጫፍ የሚያዝ ያህል ብቻ ይሁን።

ቶሎ የሚያሳድጋቸው አርቴሚያ የሚባለው ደቃቅ የጨው ውኃ ፍጥረት ነው። በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ጨው አሟሙና የአርቴሚያውን እንቁላል ጨምሩበት። ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጣችሁ አየር እንዲንፈቀፈቅበት አድርጉ። በ24 እስከ 36 ሰዓት ይፈለፈላል። በሻሽ አጥልላችሁ፣ በንጹህ ውኃ አለቅልቃችሁ ስጧቸው።

6. ውኃው ይጠበቅ

የስፖንጅ ፊልተር ተጠቀሙ። ሌላው ዓይነት ጫጩቶቹን ይስባል፤ እሱ ብቻ ካላችሁ አፉን በስቶኪንግ ሸፍኑት። በየሁለት ቀኑ ከውኃው አንድ አምስተኛውን ቀይሩ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ሰፊ ሳፋ ውስጥ አንድ ቀን ይደር፤ ሙቀቱም ከውስጠኛው ጋር ይቀራረብ።

አዲስ አበባ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት መብራት ከጠፋ ሂተሩም ፓምፑም ይቆማሉ። ዕቃውን በጋቢ ጠቅልሉት፤ መብራት እስኪመጣ ምግብ አትስጡ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካገኛችሁ ግን ግዙ፤ ያወጣችሁበት ገንዘብ አይቆጫችሁም።

7. ለዩአቸው

ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ የወንዶቹ የሆድ ሥር ክንፍ መሾል ይጀምራል። ያኔውኑ ለዩ፤ ካለዚያ እህትና ወንድም ይራባሉ። ትልልቆቹ መዋጥ የማይችሉት መጠን ላይ ሲደርሱ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆኑ፣ ወደ ዋናው አኳሪየም ይመለሱ። የተረፉትን ለወዳጅ ስጡ ወይም ለሱቅ መልሱ። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ግን በፍጹም አትልቀቁ። ጋፒ የተለቀቀባቸው ብዙ አገሮች ውስጥ ተራብቶ የአገሩን ዓሣ አስቸግሯል።

እነዚህ ጫጩቶች አንድ ወር ሲሞላቸው እናታቸው ለሚቀጥለው ትደርሳለች። ስለዚህ ሁለተኛውን ዕቃ ከአሁኑ ፈልጉ፤ ካላንደሩንም እዩ።