ሳይመረቁ ብርዝ መሸጥ እንዴት ይጀመራል?

ብርዝ መሸጥ የጀመርኩት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆኜ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ግማሽ ላይ ቆሟል፣ ኪሴ ደግሞ ባዶ። መጀመሪያ ጁስ አስቤ ነበር፤ መፍጫው፣ የመብራቱ ነገር፣ በየቀኑ የሚበላሸው ፍራፍሬ ሲደመር ተውኩት። ብርዝ ማርና ውሃ ብቻ ስለሆነ ቀላል መሰለኝ። አልነበረም።

1. ቦታ ፈልጉ። ዶርም ውስጥ አይሆንም፣ ምድጃችሁ ይወረሳል። እኔ የአክስቴን ማድ ቤት ነው የተጠቀምኩት፤ ኪራዬ ቅዳሜ ቅዳሜ የቤቱን ዕቃ ማጠብ ነበር። ፍሪጅ የሌለበት ቤት ከሆነ ባትጀምሩት ይሻላል።

2. ማርና ጠርሙስ ግዙ። ማሩን ከምታውቁት ሰው ውሰዱ፤ ዘመዱ ከገጠር ማር የሚያመጣለት የክፍል ጓደኛ አይጠፋም። ገበያው ላይ ስኳር የገባበት ሞልቷል፣ ውሃ ላይ ጠብ አድርጎ ማየት ወይም ክብሪት መለኮስ የሚባለው ሙከራ ደግሞ አያስተማምንም። ጠርሙስ አዲስ ይሁን፣ መርካቶ በጅምላ ታገኛላችሁ። ያገለገለ ሃይላንድ አጥቦ መሸጥ ለእኔ ነውር ነው፤ በደንብ ልጠበው ብላችሁ የፈላ ውሃ ብታፈሱበት እንኳ ይኮማተራል።

3. በጥብጡ፣ አሙቁ፣ አቀዝቅዙ። የእኔ ልክ ለ1 ኪሎ ማር 4 ሊትር ውሃ ነው። ወደ 4.7 ሊትር ይወጣዋል፣ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ 9 ማለት ነው። ለብ ባለ ውሃ በጥብጡና ሰፈፉን በንጹሕ ሻሽ አጥልሉ።

እኔን ጉድ የሠራኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ማር ለብቻው ዓመታት ይቀመጣል፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው እርሾ የሚበቃው ውሃ ስለማያገኝ ተኝቷል። ውሃ ስትጨምሩበት ይነቃል፤ ስኳሩን እየበላ፣ ጌሾ ባይገባበትም እንኳ፣ ወደ ጠጅ ይሄዳል። እኔ ይሄን የት አውቄ! እንደ ቤት ብርዝ በጥሬው በጥብጬ፣ ቅዳሜ የሞላሁትንና ከፍሪጅ ውጭ ያደረውን ሰኞ ሸጥኩት። ረመዳን ነበር። አንዷ የክፍሌ ልጅ ለማፍጠሪያ ሁለት ጠርሙስ ወሰደች። ማታ ደወለች፦ «አንቺ፣ ክዳኑን ስከፍተው ጢሽ አለ እኮ! ሽታው ጠጅ ጠጅ ይላል።» ደግነቱ አልቀመሱትም። ብሯን ወዲያው በቴሌብር መለስኩላት፤ ክፍል ውስጥ ግን ለሳምንታት ከኋላ ነበር የምቀመጠው። የቀሩትን ጠርሙሶች ሄጄ ባያቸው ሆዳቸው ተነፍቶ ቀጥ ብለው እንኳ መቆም አቅቷቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ያጠለልኩትን ብርዝ 70 ዲግሪ አድርሼ እዚያው ላይ 10 ደቂቃ አቆየዋለሁ። እርሾው የሚሞተው ያኔ ነው። ቴርሞሜትር ግዙ፣ በጣት መገመት የለም። እንዳይፈላባችሁ፣ የማሩ መዓዛ ብን ብሎ ይጠፋል። ከዚያ ድስቱን እንደተከደነ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ሲቀዘቅዝ ሞልታችሁ በቀጥታ ፍሪጅ። ይህን ሁሉ አድርጌም ቢሆን እስከ ማግስቱ ያልተሸጠውን ለሰው አልሰጥም። አክስቴ ትወስደውና ጌሾ ትጨምርበታለች። ተረፈ ስላት ፊቷ ሲበራ ታዩ ነበር።

4 እና 5. ዋጋና ሽያጭ። የማሩን፣ የጠርሙሱንና የታክሲውን ወጪ ደምራችሁ ለ9 አካፍሉ፣ ትርፋችሁን ከዚያ በላይ ጣሉ። ታክሲውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እኔም ረስቼ ሁለት ሳምንት በነጻ ሠርቻለሁ። በረዶ አትግዙ፣ ውሃ በጠርሙስ አግግራችሁ አይስ ቦክሱ ውስጥ ደርድሩ። ትዕዛዝ ማታ በቴሌግራም ሰብስቡና በታዘዘው ልክ ብቻ በጥብጡ። በዓቢይ ጾም ጠዋት ይዞ መዞር ድካም ነው፤ ብዙው ጿሚ እስከ 9 ሰዓት አይቀምስም፣ እናንተም 9 ሰዓት ላይ ድረሱ። ለሱቅ ማከፋፈል ካማራችሁ ግን ንግድ ፈቃዱን አስቀድሙ።

6. ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዝጉ። ደንበኛ ይቀየማል፣ ይቀየም። ማሩ እንደሆነ አይበላሽም፤ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ክተቱት።