የፀረ አረም መርጫ እጣቢን በጭድና በአፈር የማጣራት አሠራር

በጅማ ዙሪያ ፀረ አረም የረጨ ሰው መርጫውን ብዙ ጊዜ የሚያጥበው ወንዝ ዳር ወይም ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። ማሳ ላይ ሳስቶ የወረደውን መድኃኒት የአፈር ባክቴሪያና ፈንገስ ቀስ በቀስ ይበሉታል፤ አንድ ቦታ የተደፋው ግን ከአቅማቸው በላይ ነው። ቱፎርዲ (2,4-D) የተባለው ፀረ አረም ከአፈር ውስጥ ግማሹ ለመጥፋት 10 ቀን ገደማ፣ አትራዚን የተባለው ደግሞ ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ተህዋስያን በሚያንሱበት የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ከገባ አትራዚን ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። መፍትሔው በ1993 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ የተጀመረው የማጣሪያ ጉድጓድ ነው፤ እዚህም በቀላሉ ይሠራል።

1. ከምንጭ፣ ከውሃ ጉድጓድና ከወንዝ ቢያንስ 50 ሜትር የራቀ፣ ጎርፍ የማያልፍበት ቦታ ይምረጡ። ጅማ አጠገብ እንዳለው እንደ ቦዬ ባለ ረግረግ አጠገብ አይቆፈርም፤ እዚያ ታችኛው ያልተበሳ በርሜል ይሻላል።

2. 2 ሜትር በ1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፍሩ። ወለሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር እርጥብ የሸክላ አፈር ይጠቅጥቁ።

3. ድብልቁን ያዘጋጁ። በክብደት ሳይሆን በስፍር ሁለት እጅ ጭድ፣ አንድ እጅ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ነው። በ20 ሊትር ባልዲ 25 ጭድ፣ አፈርና ኮምፖስት ደግሞ 12 ተኩል እያንዳንዳቸው። ጭዱ ስለሚሰምጥ 5 ባልዲ ትርፍ ይያዙ።

ዋናው ሥራ የጭዱ ነው። ጭዱን የሚያጠነክረው ሊግኒን የተወሳሰበ ነገር ስለሆነ፣ እሱን የሚበላው ፈንገስ የሚያመነጨው ኢንዛይም ብዙ ዓይነት ሞለኪውል ይሰብራል፤ ፀረ አረሙም አብሮ ይሰበራል። አዲስ እበት ወይም ዩሪያ አይጨመር፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ፈንገሱ ይህን ኢንዛይም ማምረት ይቀንሳል። ኖራም አያስፈልግም። ለሰብል ራስ ምታት የሆነው የቀይ አፈራችን አሲዳማነት ለዚህ ፈንገስ ይስማማዋል። እርጥብ የቡና ልጣጭም ይቅር፤ ሲብላላ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። አፈሩን በተደጋጋሚ ከተረጨ ማሳ ቢያመጡ ይመረጣል፣ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች አሉበትና።

4. ጉድጓዱን ሞልተው፣ እርጥብ አድርገው ስድስት ሳምንት ያቆዩት። ላዩን ሰርዶ ይትከሉበት።

5. ከላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ይሥሩለት። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ይህ በ2 ካሬ ሜትር ላይ 3,000 ሊትር ማለት ነው። ያለ ጣሪያ ጉድጓዱ ኩሬ ይሆናል።

6. የ16 ሊትር መርጫን በ2 ሊትር ውሃ ሦስት ጊዜ ያለቅልቁና እጣቢውን እዚያው ማሳ ላይ ይርጩ። ወደ ጉድጓዱ የሚገባው የመርጫው የውጭ እጣቢና የፈሰሰው ብቻ ነው። ያልተበረዘ መድኃኒት በፍጹም አይደፋ።

ጉድጓዱ የበሰበሰ ሽታ ካመጣ ውሃ በዝቶበት አየር አጥቷል፤ ለጥቂት ሳምንታት ምንም ሳይጨምሩ ደረቅ ጭድ ያስገቡ። ሲደርቅም ተህዋስያኑ ሥራ ያቆማሉ፤ በእጅ ሲጨመቅ እርጥበቱ የሚሰማ፣ ግን ውሃ የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። ለቡና በሽታ የሚረጨው የመዳብ መድኃኒት እዚህ አይታጠብ፤ መዳብ ብረታ ብረት ነውና አይበሰብስም፣ ይልቁንም ተከማችቶ ተህዋስያኑን ይገድላል። ፓራኳት የተባለው ፀረ አረምም ከሸክላ አፈር ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር በዚህ መንገድ አይጠፋም።

ጭዱ እየበሰበሰ ስለሚያንስ በየዓመቱ አዲስ ድብልቅ ይሙሉበት። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ አውጥተው ከዝናብ በተጠለለ ቦታ አንድ ዓመት ይከምሩት። ማሳ ላይ ከመበተኑ በፊት በአንድ ጣሳ ከዚህ፣ በሌላው ንጹሕ አፈር አድርገው ቲማቲምና ባቄላ ይዝሩ፤ ሦስት ሳምንት ያነጻጽሩ። ቅጠሉ ከተጠማዘዘ ቱፎርዲ፣ ከጠርዙ ከቢጫነት አልፎ ከደረቀ አትራዚን ይጠረጠራል። ግላይፎሴት የተባለውን ፀረ አረም ግን ይህ ፈተና አያሳይም፤ ከአፈሩ ብረትና አሉሚኒየም ጋር ስለሚጣበቅ፣ ኖሮም ቡቃያው ጤነኛ ይመስላል።