የደበዘዘ የመኪና የፊት መብራት እንዴት ጥርት ይላል? ለድሬና ለሐረር አሽከርካሪዎች

ሐረር ውስጥ ከጀጎል ግንብ ውጭ ተሳፋሪ የሚጠብቁትን አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ቀለማቸው ስንት ጊዜ ተቀብቷል፤ በራቸው ስንት ጊዜ ባትላሜራ እጅ ገብቷል። የፊት መብራታቸው ግን ዛሬም ጥርት ያለ ነው፤ ብርጭቆ ስለሆነ። አጠገባቸው የሚቆመው፣ በዕድሜ የልጅ ልጃቸው የሚሆነው ቪትዝ ደግሞ ዓይኑን ሞራ የጋረደው ሰው ይመስላል።

የአሁን መኪኖች መብራት ፊቱ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ቀላል ነው፣ ጠጠር ቢመታው ቶሎ አይሰበርም። ፀሐይን ግን ብቻውን አይችልም። ስለዚህ ፋብሪካው ላዩን ስስ መከላከያ ይቀባዋል። ይህን መከላከያ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ያደርቀዋል፣ የመንገድ አቧራና አሸዋ ይፍቀዋል። ሲሰነጣጠቅና ሲላጥ ፕላስቲኩ ራቁቱን ይቀርና ቢጫ ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ፀሐዩም አሸዋውም የት እንዳለ መንገር አያስፈልግም።

እኔ ለዚህ ጉዳይ ልብ የሰጠሁት አንድ ምሽት ከሐረር ስመለስ ነው። የደንገጎን ቁልቁለት ስወርድ፣ ኩርባው ላይ የመንገዱን ጠርዝ ይዘው እንጨት ተጭነው የሚሄዱትን አህዮች ያየኋቸው አጠገባቸው ከደረስኩ በኋላ ነበር። አምፖሉ አዲስ ነው፣ ባትሪው ደህና ነው፤ ብርሃኑ ግን ከመብራቱ ሳይወጣ ውስጡ ይበተን ነበር። በማግስቱ ፈግፍጌ፣ በፖሊሽ አብርቼ፣ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከበፊቱ ብሶ ቢጫ ሆነ። የቀረውን ጥቂት መከላከያ በገዛ እጄ ፍቄ ካወጣሁ በኋላ በምትኩ ምንም ስላልቀባሁበት ነው። ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ ይህን አስታውሱ፦ ቢጫውን ማውጣት የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ መከላከያውን መመለስ ነው።

በመጀመሪያ፦ ችግሩ የት ነው?

መብራቱ ላይ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው እስኪደርቅ ድረስ ጥርት ብሎ ከታየ፣ ጉዳቱ ከውጭ ነው፤ በሽታው ይድናል። ውሃም ፈሶበት ካልጠራ፣ ወይም ውስጡ ጤዛ የሚቋጥር ከሆነ፣ ቆሻሻው ከውስጥ ነው፤ ከላይ ማሸት ምንም አይጠቅመውም። ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀም በዚህ መንገድ አይመለስም። ከኋላ ያለው ሪፍሌክተር፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ ፊት የሚመልሰው ክፍል፣ ብርማ ቀለሙ ተቃጥሎ ከረገፈ ደግሞ ፊቱ ቢጠራም ብርሃን አይሰጥም። እንዲህ ያለውን መለወጥ ይሻላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ቁጥር 800፣ 1000፣ 1500 እና 2000 የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፤ ወረቀቱን የምትጠቀልሉበት ስፖንጅ፤ ማስኪንግ ቴፕ፤ ሳሙና፤ ባልዲ ውሃ፤ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፤ አልኮል። ከዚያ ወይ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ክሊር (ቀለም የሌለው የሚረጭ ሽፋን)፣ ወይ ኮምፓውንድ (ማብሪያ ቅባት) እና ሰም።

የጥርስ ሳሙናን ብዙ ሰው ያወራለታል። የተወሰነ አቧራ ያህል ሸካራነት ስላለው ትንሽ ያበራል፤ ግን የተላጠውን ሽፋን አያወጣም፣ መከላከያም አይተውም። ከዚያ የባሰው የትንኝ መከላከያ ቅባት ነው። ፕላስቲኩን ያሟሟዋል፤ ለጊዜው ያብለጨልጭና ኋላ ተጣባቂና ደብዛዛ ያደርገዋል። ቤንዚንና ቲነርም እንዲሁ ፖሊካርቦኔትን ይሰነጣጥቃሉ፤ አታስጠጉት።

ማጠብና መሸፈን

ሥራውን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጥላ ውስጥ ጀምሩ። እኩለ ቀን ላይ ፕላስቲኩ ራሱ ስለሚግል ውሃው ወዲያው ይደርቃል፤ ክሊሩም ሳይዘረጋ ይይዛል። መብራቱን በሳሙና እጠቡ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከቀረች ወረቀቱ ሥር ገብታ ጥልቅ ጭረት ታወጣለች። ከዚያ ዙሪያውን፣ ኮፈኑንና ፓራፋንጎውን ጨምሮ፣ ሁለት ሦስት ድርብ ቴፕ ለጥፉ። የመኪናውን ቀለም መፋቅ ከመብራቱ የበለጠ ወጪ ያመጣል።

ማሸት

ትዕግሥት የሚፈልገው እዚህ ነው። ወረቀቶቹን ሳሙና ጠብ ባለበት ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ንከሩ። አሮጌው ሽፋን እየተላጠ ከሆነ ከ800 ጀምሩ፤ ትንሽ ጭጋግ ብቻ ከሆነ 1000 ይበቃል። ከ800 በታች ያለ ሸካራ ወረቀት አልመክርም፤ የሚያወጣውን ጭረት ለማጥፋት የምታባክኑት ጊዜ ካተረፋችሁት ይበልጣል።

በጣታችሁ ጫፍ አትጫኑ፤ ጎድጓዳ ይሠራል። ወረቀቱን ስፖንጅ ላይ ጠቅልላችሁ፣ ውሃ እያፈሰሳችሁ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ወደ ጎን እሹ። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ወተት የተቀላቀለበት ቢጫ ይሆናል፤ እየጠፋ ያለው አሮጌው ሽፋን ነው። ቆይቶ ውሃው ነጭ ብቻ ይሆናል። እጠቡና አድርቁ፤ እንደ ደሴት የቀሩ የሚያብረቀርቁ ቦታዎች ካሉ ሽፋኑ ገና አልወጣም፤ ተመለሱበት። ሙሉው ፊት ወጥ የሆነ ድብዝዝ ያለ ነጭ ሲሆን ብቻ ወደሚቀጥለው ቁጥር እለፉ።

በሚቀጥለው ወረቀት አቅጣጫ ቀይሩ፦ ወደ ጎን ካሻችሁ አሁን ከላይ ወደ ታች። ያለፈው ጭረት ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን ዓይናችሁ የሚለየው በዚህ ነው። በየመሃሉ ውሃውን ለውጡ። ለአንድ መብራት ሠላሳ ደቂቃ ቢፈጅ አትገረሙ፤ ሲጀመር ከበፊቱ የባሰ ደብዝዞ ሲታይም አትደንግጡ።

የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት እንደሚተው ሁላችንም እናውቃለን። መብራቱ ላይም ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ውሃ በራሱ እንዲደርቅ አትተዉት፣ በጨርቅ ጥረጉት።

መከላከያውን መመለስ

ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ በ2000 ጨርሶ፣ በኮምፓውንድ እስኪያበራ ማሸትና ሰም መቀባት ነው። ያምራል፣ ርካሽ ነው፤ ግን ሰሙን በየወሩ ካላደሳችሁ በእኛ ፀሐይ ጥቂት ወር ነው የሚቆየው። መኪናውን ለመሸጥ ለተዘጋጀ ይበቃዋል። ራሱ ለሚነዳው ግን እኔ ክሊሩን ነው የምመክረው።

ለክሊር ከሆነ በ1000 ወይም በ1500 አቁሙ፤ ፖሊሽ አታድርጉ። ለስላሳ ፊት ላይ ክሊር አይዝም፤ ሥር የሚሰድበት ትንሽ ሸካራነት ይፈልጋል። ፊቱ እንደ ጭጋጋማ መስኮት ሆኖ መቅረቱ ያሳስባችሁ ይሆናል። ውሃ ረጭታችሁ እዩት፦ ርጥብ ሳለ የሚጠራውን ያህል ከክሊሩ በኋላም ይጠራል፤ ክሊሩ ጭረቱን እንደ ውሃው ይሞላዋልና። በውሃ ያልጠፋ ጭረት ከታየ ግን አሁኑኑ ተመለሱበት።

የምትገዙት ክሊር ከሃርድነር (ከማጠንከሪያ ፈሳሽ) ጋር የሚቀላቀለው ዓይነትና የፀሐይ ጨረር መከላከያ ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ ሁሉም የለውም። የሃርድነሩ ጭስ ሳንባ ይጎዳል፤ የጨርቅ ጭምብል አይመክተውም። ትክክለኛ ማጣሪያ ያለው የቀለም ጭምብል ከሌላችሁ፣ የታሸውን መኪና ወደ ቀለም ቀቢ ውሰዱና እሱ ይርጨው። የእሱ ድካም የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ትልቁን ሥራ ጨርሳችኋል።

ራሳችሁ የምትረጩ ከሆነ፣ ነፋስ የሌለበት ቦታ ፈልጉ፤ አቧራ እንዳይነሳ መሬቱን ውሃ አርከፍክፉበት። የመኪናውን አካል በላስቲክ ሸፍኑ። መብራቱን በአልኮል ጥረጉ፤ ከዚያ በኋላ በእጅ አይነካም። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ መጀመሪያ ስስ ጉም የመሰለ ርጭት ብቻ አድርጉ። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ቀጥሎ ወፈር ያለ ሁለት ዙር፣ በመካከሉ እረፍት እየሰጣችሁ። አንድ ቦታ ከቆማችሁ ይወርዳል፤ እጃችሁ ከመብራቱ ጠርዝ አልፎ ይጀምር፣ አልፎ ይጨርስ። ቴፑን ክሊሩ ሙሉ ሳይደርቅ ቀስ ብላችሁ አንሱ፤ ከደረቀ በኋላ ጠርዙን ይዞ ይላጣል። ለ24 ሰዓት አትንኩት፤ ለጥቂት ቀናትም በሳሙና አትጠቡት።

ከዚያ በኋላ

መብራቱን ፈታችሁ ከነበር ሜዳ ቦታ ላይ ግድግዳ ፊት አቁሙና ሁለቱ ብርሃኖች እኩል ከፍታ ላይ ማረፋቸውን እዩ፤ ያጠራችሁት መብራት የተቃራኒውን ሾፌር ዓይን እንዳያሳውር። ብርሃን ለመጨመር ብላችሁ 60/55 ዋት ለተሠራ መብራት 100 ዋት አምፖል አትግጠሙ፤ ሙቀቱ ሪፍሌክተሩንም ፕላስቲኩንም ከውስጥ ይጠብሰዋል። መኪናችሁን ስታቆሙም ፊቱን ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ አዙሩ። ድሬ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ጥላ አይጠፋም፤ ጥላ በሌለበት ሰፈር ውሎ የሚያድር መኪና ካላችሁ፣ ሁለቱን መብራቶች አሮጌ ነጠላ ጣል ብታደርጉባቸው ክሊሩ ረጅም ጊዜ ይቆይላችኋል።