የጅሬንን ዳገት ለመውጣት ስፕሮኬት ቀየርኩ

ቡና ጭኜ ከጅማ ወደ ጅሬን ስወጣ ሞተር ሳይክሌ በሁለተኛ ማርሽ ይጨነቅ ነበር፤ ፍሪሲዮኑም (ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) መሽተት ጀመረ። የፊቱን ስፕሮኬት (ካቴናው የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ከ15 ጥርስ ወደ 14 አወረድኩት። የኋላው 42 ስለሆነ ምጥጥኑ ከ2.8 ወደ 3.0 ከፍ አለ፤ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት 7 በመቶ ገደማ ጨመረ። ካቴናው ስለላላ የኋላውን ጎማ ስቤ አጠበቅኩት። አሁን ዳገቱን በደንብ ይወጣል። በአጋሮ መንገድ ሜዳው ላይ ግን በፊት በነበረው ፍጥነት ስሄድ ሞተሩ ይበልጥ ይጮኻል፤ ለጭነት ሥራ ግን ያዋጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፍጥነት ቆጣሪው ላይ ነው። ገመዱ ከፊት ጎማ የሚነሳ ከሆነ ምንም አይለወጥም። የእኔ የሚያነበው ከማርሽ ሳጥኑ ስለሆነ አሁን 60 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 56 ነው፤ በስልክ ጂፒኤስ አመሳክሬዋለሁ። የኪሎሜትር ቆጠራውም በዚያው ልክ ይጋነናል።