የእንጦጦን ዳገት በብስክሌት መውጣት

ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣው መንገድ ለብስክሌተኛ ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው በ30 ከመቶ ገደማ ስለሚያንስ፣ ብዙ ጊዜ ከእግር ቀድሞ የሚደክመው ሳንባ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ከሁሉ በፊት ሊለምደው የሚገባው ጉልበቱን እስከ ጫፍ ድረስ አብቃቅቶ ማዳረስን ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእረፍት የመጣ ሰውማ ሰውነቱ ከፍታውን እስኪለምድ ጥቂት ቀናት ቢታገሥ ይበጀዋል።

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው ገና ዳገቱ ሥር ሳለ ነው። ሜዳውን በፍጥነት መጥቶ በዚያው ግለት ዳገቱን ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቶ ሜትሮች ያለ ችግር ይወጣቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጭኑ ይቃጠላል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ የተረፈው መንገድም ሁሉ ስቃይ ይሆንበታል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች «ከዚህ በላይ መሄድ እችል ነበር» እያሉ ቀስ ብለው ይንዱ። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻሉ ፍጥነትዎ ልክ ነው፤ ሁለት ቃል ተናግረው አየር መሳብ ካስፈለገዎት ግን ያለ ማመንታት ይቀንሱ።

ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ እግርን ከመያዙ በፊት ነው። ካቴናው በሙሉ ጉልበት ተወጥሮ ሳለ ከተቀየረ ይንቋቋል፣ ከጥርሱ ይወልቃል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል። እኔም አንድ ጊዜ ቆሜ እየረገጥኩ ስቀይር ካቴናው ወልቆ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጭቷል። ዘግይተው ዳገት ላይ መቀየር ግድ ከሆነብዎ አንድ ዙር ጠንከር አድርገው ይርገጡ፤ ብስክሌቱ በዚያ ግፊት ሲሄድ የእግርዎን ጫና ለግማሽ ዙር ያህል አላልተው፣ ፔዳሉን ማዞር ሳያቋርጡ ይቀይሩ። በትክክል የተቀየረ ማርሽ ድምፁ አጭር ጠቅታ ብቻ ነው። ማርሹ ተስማሚ መሆኑን ለማወቅ ቀኝ እግርዎ በ15 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ወደ ታች እንደሚወርድ ይቁጠሩ። ከ15 እስከ 18 ጊዜ ከሆነ መልካም ነው፤ ከ12 ካነሰ ግን ማርሹ ከብዶ ጉልበትዎን እየጎዳ ነውና ወደ ቀላሉ ይለውጡ። ቀላሉም ካለቀ፣ ወይም ብስክሌቱ ከነጭራሹ ማርሽ የሌለው ከሆነ፣ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም።

ረጅም ዳገት ተቀምጦ መውጣት ይሻላል፤ ቆሞ መርገጥ የራስን ክብደት መሸከምን ስለሚጨምር ትንፋሽን ቶሎ ይጨርሳል። አጭርና በጣም ዳገታማ ኩርባ ሲመጣ፣ ወይም ወገብ ሲደነዝዝ፣ አንድ ማርሽ አክብደው ለጥቂት ጊዜ መቆም ይችላሉ። መሪውን አንቆ መያዝ ለዳገቱ ምንም አይጠቅምም፤ ጣቶችዎን ያላሉ፣ ክርንዎን ጎበጥ ያድርጉ፣ ትከሻዎን ከጆሮዎ ያርቁ። የፊት ጎማው መነሳት ከጀመረ ወደ መቀመጫው የፊት ጫፍ ይጠጉና ደረትዎን ወደ መሪው ዝቅ ያድርጉ። ጠጠር ወይም አፈር ላይ ግን ከመቀመጫው አይነሱ፤ ክብደት ያጣ የኋላ ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል።

ሰፊና ባዶ መንገድ ላይ ግራና ቀኝ እየጠመዘዙ መውጣት ቁመቱን ያቀልላል፤ ሚኒባስ በሚመላለስበት፣ አህዮችና እንጨት የተሸከሙ እናቶች በሚወርዱበት የሽሮ ሜዳ መንገድ ግን ይህ ለሕይወት ያሰጋል። እዚያ የቀኙን ጠርዝ ይዘው ቀጥ ብለው ይሂዱ። ዳገቱን ሳይጨርሱ ቆመው እንደገና ሲነሱ፣ መንገዱ ነጻ መሆኑን አይተው ብስክሌቱን በትንሹ ወደ ጎን ያዙሩ፤ ፍሬኑን ጨብጠው አንዱን ፔዳል ወደ ላይ ያውጡ፤ ፍሬኑን ሲለቁ በዚያው ቅጽበት ይርገጡ።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ላብ የነካው ልብስ በእንጦጦ ነፋስ በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ፣ ገና ሳይበርድዎ ጃኬት ይደርቡና ውሃ ይጠጡ። ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊትም ሁለቱንም ፍሬኖች ጨብጠው ብስክሌቱን ወደፊት በመግፋት ጎማዎቹ መያዛቸውን ያረጋግጡ።