ባሕር ውስጥ ያለ ሞደም ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

የማወራው ውኃ ውስጥ ዳታን በድምፅ ስለሚልክ ሞደም ነው። ባትሪውን፣ ኬብሉንና ኦሪንጉን (ውኃ እንዳያስገባ የሚዘጋውን የጎማ ቀለበት) ፈትሻችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ጭራሽ ድምፅ የለም። ትራንስዲውሰሩ (ድምፁን የሚያወጣውና የሚቀበለው ክፍል) አየር ላይ እያለ በሙሉ ኃይል ተሞክሮ ተጎድቶ ይሆናል። ከተበላሸ መቀየር ነው። ውኃ ውስጥ ሳይገባ አትሞክሩት!

ጀልባው ሲንቀሳቀስ ብቻ ይቋረጣል። ዶፕለር ነው፦ ላኪው ወይም ተቀባዩ ሲንቀሳቀስ የድምፁ ድግግሞሽ ይቀየራል። በሰከንድ 1 ሜትር መሄድ 25 ኪሎኸርዝን በ17 ኸርዝ ገደማ ያንሸራትተዋል። የዶፕለር ማስተካከያው ካልያዘው ወደ ኤፍኤስኬ (ዳታውን ድግግሞሽ በመቀያየር ወደሚልከው ዘዴ) ውረዱ። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ይችላል።

ዳታ የመላኪያው ፍጥነት ይወጣል ይወርዳል፣ ዳታው ግን አይደርስም። ይህን ስንት ጊዜ እንዳስተካከልኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሁሉም መጀመሪያ የሚያደርገው ኃይል መጨመር ነው። እባካችሁ ተዉ! ከውኃው ገጽና ከወለሉ ነጥሮ ዘግይቶ የሚመጣው ማሚቶም እኩል ይጮኻል። ባትሪውም ያልቃል።

ችግሩ መዘግየት ነው። ድምፅ ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። በሞደሞቹ መካከል 3 ኪሎሜትር ካለ፣ ሲግናሉ እስኪደርስ 2 ሰከንድ፣ «ጥሩ ነው፣ ፍጠን» የሚለው መልስ እስኪመለስ ሌላ 2 ሰከንድ። እስከዚያ ማዕበሉ ተገለባብጧል። ማሚቶው የሚመጣበት መንገድም ተቀይሯል። ሞደሙ የሚላመደው ላለፈ ውኃ ነው።

አንድ ነሐሴ በቀይ ባሕር ዳር ባለችው የእስራኤል ከተማ ኤላት አጠገብ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንድ ፋይል እንኳ ሳናወጣ ዋልን። ስክሪኑ ላይ ሲግናሉ ከኖይዙ (ከሚረብሸው ድምፅ) በብዙ ይበልጣል። ሞደሙም ያንን እያየ ወደ ፈጣኑ ፒኤስኬ (ዳታውን የሞገዱን ፌዝ በመቀያየር ወደሚልከው ዘዴ) ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይዘላል። የሲግናሉን ጥንካሬ ትተን የጠፉ ፓኬቶችን (ፋይሉ ተከፋፍሎ የሚላክባቸውን ቁርጥራጮች) እንዲቆጥር አደረግነው። 2 ከጠፉ ወዲያው ይውረድ፤ 10 ተከታትለው ካልደረሱ አይውጣ። ያን ዕለት ማታ ፋይሉ በዝግታ፣ ግን ሳይጎድል ወጣ። ከፋብሪካ የመጣውን ሴቲንግ እንዳለ አትመኑ! መውጫውና መውረጃው አንድ ቁጥር ከሆነ ሞደሙ እዚያው መስመር ላይ ሲዋልል ይውላል።

ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት ይዘጋል። ፀሐይ የላይኛውን ውኃ ታሞቃለች፤ ድምፅ ደግሞ ወደ ቀዝቃዛው፣ ወደ ታች ይታጠፋል። የአሜሪካ ባሕር ኃይልም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሶናሩ (ውኃ ውስጥ በድምፅ በሚፈልገው መሣሪያ) ያየው ነው። ላይ የተንጠለጠለ ሞደም ድምፅ በማይደርስበት ጥላ ውስጥ ይቀራል። ሴቲንግ አትነካኩ፤ ከሞቃቱ ውኃ በታች አውርዱት። ገመዱ ላይ ቴርሞሜትር ሳታስሩ ጥልቀቱን በግምት አትወስኑ።

መጥበሻ ላይ እንዳለ ዘይት የሚንጣጣ ኖይዝ። ሽሪምፖች ናቸው። ከኮራሉ ራቁ።